የወጥ ቤቱ ተመስጦ
በቡድሃ ተከታዮች የተመስጦ ማኅበር ዘንድ ስላለው የፈቃድ አገልግሎት የቀረበ ሒስ

ስለ ቡድሃ ሃይማኖት በምዕራባውያን ሊቃውንት የተጻፈውን የሚመረምር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ሥዕል አንድ ዐይነት ነው። እግሩን አጣጥፎ፥ ዐይኑን ከድኖ፥ ከዓለም ርቆ የተቀመጠ ሰው ይታየዋል። ለዚህ ተቀማጭ ቍርሱን ማን እንዳበሰለለት፥ አዳራሹን ማን እንደ ጠረገለት፥ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት የሚቀሰቅሰውን ደወል ማን እንደ ደወለለት የሚጠይቅ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን የተዘነጋ ሰው ነው።

የመዘንጋቱ ምክንያት ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ተመስጦ የውስጥ ነገር ነው ተብሎ አስቀድሞ ስለ ተወሰነ ተመራማሪውም ወደ ውስጥ ብቻ ይመለከታል። ሚካል ፓጊስ የቪፓሳናን ተመስጦ ተከታዮች በእስራኤልና በአሜሪካ መርምራ በ2019 ባሳተመችው ጥናት፥ በዝምታ አብሮ መቀመጥ ብቸኝነት ሳይሆን ራሱን የቻለ ማኅበራዊ ኑሮ መሆኑን በሚገባ አስረድታለች። ይህ ታላቅ ርምጃ ነው፤ ነገር ግን የድርሰቷ ዋና ትኵረት በተቀማጩ አካልና በራሱ ግንዛቤ ላይ ነው። ኢንግሪድ ጆርት በበኩሏ በ2007 በታተመው መጽሐፏ በራንጉን የሚገኘውን የማሐሲን ማዕከል መነሻ አድርጋ፥ የምእመናን ስጦታና የመንግሥት ሥልጣን በበርማ እንዴት እንደ ተሳሰሩ አሳይታለች። አንዷ ራስን፥ ሌላይቱ መንግሥትን ስትመለከት፥ ሽንኩርት የሚከትፈው ሰው በሁለቱ መካከል እንደ ቆመ ቀረ።

እርሱን ለማግኘት ሁለት ጽሑፎችን አቀራርቤ እመረምራለሁ። የመጀመሪያው ጃፓናዊው የዜን መምህር ዶገን በ1237 ለገዳም ወጥ ቤት ሹም የጻፈው መመሪያ ነው። ሁለተኛው የሳትያ ናራያን ጎኤንካን የቪፓሳና ትምህርት የሚከተሉ ማዕከሎች ለአገልጋዮቻቸው ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።) በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ይገኛል፤ አገሩም፥ የሃይማኖቱም ወገን ልዩ ልዩ ነው። የሆነ ሆኖ ሁለቱም አንድ አሳብ ይዘዋል፤ ይኸውም ወጥ መሥራትና ወለል መጥረግ ለመንፈሳዊ ሥራ መሰናዶ ሳይሆን ራሱ መንፈሳዊ ሥራ ነው የሚል ነው። ይህን አሳብ ተቀብሎ ማመስገን ቀላል ነው፤ ያደረጉትም ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አገልግሎቱ መንፈሳዊ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? መንፈሳዊ ሲሆንስ ከአገልጋዩ የሚወስድበት ነገር የለምን?

ለዚህ መልስ ለማግኘት የነገሩን አመጣጥ ማወቅ ይገባል። በጥንቱ የቴራቫዳ ሥርዓት መነኵሴው ምግብ እንዳያበስልና እንዳያከማች፥ መሬትም እንዳይቈፍር የተከለከለ ነው። ስለዚህ በየማለዳው ሳሕኑን ይዞ ይወጣል፤ ምእመኑም ይመግበዋል። ምእመኑ በዚህ ስጦታ ለሚመጣው ሕይወቱ የሚሆን በጎ ዋጋ ያከማቻል፤ መነኵሴውም ትምህርቱን ይጠብቃል። በዚህ ክፍፍል ውስጥ ተመስጦ በአመዛኙ የመነኮሳት፥ ከመነኮሳትም የጥቂቶች ሥራ ነበር። በበርማ ግን ሌዲ ሳያዶ (1846–1923) ተመስጦን ለምእመናን ማስተማር ጀመረ። በእርሱ ሐረግ የተነሣው ሳያ ቴትጂ ገበሬ ነበር። የሳያ ቴትጂ ደቀ መዝሙር ኡ ባ ኪን (1899–1971) በርማ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1948 የአገሪቱ ዋና የሒሳብ ሹም የሆነ፥ በ1952 ደግሞ በራንጉን የተመስጦ ማዕከል ያቋቋመ ባለሥልጣን ነው። ጎኤንካ (1924–2013) በማንዳላይ ከሕንዳውያን ቤተ ሰብ የተወለደ ነጋዴ ሲሆን በ1955 ከኡ ባ ኪን ተምሮ በ1969 ወደ ሕንድ ሄዶ ማስተማር ጀመረ። በኢጋትፑሪ የሚገኘው ዳማ ጊሪ የተባለው ማዕከል በ1976 ተከፈተ፤ ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ያሉት ማዕከሎች ከሁለት መቶ ይበልጣሉ። ገበሬ፥ የሒሳብ ሹም፥ ነጋዴ፤ በዚህ ሐረግ ከሌዲ ሳያዶ በኋላ መነኵሴ አለመኖሩን አንባቢው ልብ ይበል።

እንግዲህ ምእመኑ ራሱ ለተመስጦ ሊቀመጥ ከሄደ የሚመግበው ማን ነው? የፈቃድ አገልጋዩ የተገኘው ከዚህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪው በዐሥሩ ቀን ትምህርት ውስጥ እንደ መነኵሴ በሌሎች ስጦታ እንደሚኖር ይነገረዋል፤ ስለዚህም ለትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ለመኝታውና ለምግቡም ዋጋ አይከፍልም። መነኵሴ የመሰለ ሰው ከተገኘ ምእመንን የሚተካ ሰው ሊገኝ የግድ ነው። ያም ሰው ትናንት የተቀመጠው፥ ዛሬ ደግሞ ድስት ሊያጥብ የመጣው ነው። በጥንቱ ሥርዓት የመጋቢውና የተመጋቢው ድርሻ በአብዛኛው የዕድሜ ልክ ነበር፤ በዚህኛው ግን ዐሥር ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ይህን አገልግሎት ከዘመናዊ የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ሥራ ጋር አንድ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች መልኩን አይተው መነሻውን ስተዋል።

የአሠራሩን ዝርዝር መመልከት ይበጃል። የዐሥሩን ቀን ትምህርት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያልፈጸመ ሰው ለማዕከሉ ገንዘብ መስጠት አይችልም፤ በትምህርቱ ጊዜ ማገልገልም አይፈቀድለትም። ባለጸጋ ቢሆን፥ በጎ አሳብ ቢኖረውም ስጦታው አይቀበሉትም። ተማሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት በአርምሞ ይኖራሉ። ቃል ብቻ ሳይሆን በእጅ መጠቋቆምና በዐይን መነጋገርም የተከለከለ ነው። ለቍሳዊ ችግር ከአስተናባሪው ጋር፥ ስለ ተመስጦው አደራረግ ከመምህሩ ጋር መነጋገር ይፈቀዳል። ከዚህ በቀር ተማሪው ከንጋቱ በ12 ሰዓት ተኩል ገንፎውን ይቀበላል፥ ቀን በ5 ሰዓት ምሳውን ይበላል፥ ያበሰለለትን ሰው ግን አያመሰግንም፤ ስሙንም አያውቅም። በዐሥረኛው ቀን አርምሞው ይፈታል። ስጦታ መቀበልም የሚጀመረው በዚያው ቀን ነው። የሚሰጠው ሰው ስለ በላው አይከፍልም፤ ገና ላልመጣው ተማሪ ያስቀምጣል እንጂ። አንደበትና ኪስ በአንድ ቀን እንዲከፈቱ መደረጉ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ማርሴል ሞስ በ1925 ባወጣው የታወቀ ጥናት ስጦታ ሦስት ግዴታ እንዳለው አስተምሯል፤ መስጠት፥ መቀበልና መመለስ። በዚህ ማኅበር ሦስተኛው ግዴታ አልጠፋም፤ ፊቱን አዙሯል እንጂ። መልሱ የሚሄደው ወደ ሰጪው ሳይሆን ከኋላ ወደሚመጣው ነው። ጆናታን ፓሪ በ1986 የሕንዶቹ ዳና መልስ ሊኖረው የማይገባ ስጦታ መሆኑን በማስረዳት የሞስን አሳብ አርሟል። ጄምስ ሌይድሎውም በ2000 ባወጣው ጽሑፍ ለጃይን መናንያን የሚሰጠውን ምግብ ምሳሌ አድርጎ፥ በእውነት ነጻ የሆነ ስጦታ በሰጪና በተቀባይ መካከል ወዳጅነትን እንደማይፈጥር አሳይቷል። የሁለቱም አስተያየት ለዚህ ጉዳይ እጅግ ይጠቅማል፤ የማይበቃበትም ቦታ ግን አለ። በእነርሱ ምሳሌ ሰጪው በምእመንነቱ፥ ተቀባዩ በመናኝነቱ ይኖራል፤ እዚህ ግን ሰጪውና ተቀባዩ በልዩ ልዩ ሳምንት የተገኘ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕዳው በሁለት ሰዎች መካከል እንዳይበቅል የሚከለክል ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አርምሞው ይህን ሥራ ይሠራል። ምስጋና የተከለከለው ተማሪው እንዳይባዝን ብቻ አይደለም፤ አመስጋኝና ተመስጋኝ እንዳይተዋወቁም ነው።

ዳሩ ግን ከዚህ ላይ የማኅበሩ ሰዎች የማያነሡት ነገር አለ። ዕዳው ለሰው ካልሆነ ለማን ነው? ተቀማጩ ያበሰለለትን ሰው ቢያውቅ ኖሮ ለእርሱ ብድሩን ከፍሎ ዕዳውን ሊዘጋ ይችል ነበር። ለማይታወቅ ሰው የተከፈለ ብድር ግን መቼ እንደ ተፈጸመ አይታወቅም። የሚመጣው ተማሪ ሁልጊዜ ይመጣል፤ አገልግሎቱም ሁልጊዜ ይፈለጋል። እንዲህ ሲሆን ባለዕዳው ብዙ፥ አበዳሪው ስም የለሽ ይሆንና፥ በስም የለሹ አበዳሪ ቦታ ተቋሙ ይቆማል። ይህን የምለው ተቋሙ ስግብግብ ነው ለማለት አይደለም፤ መምህራኑም እንደ አገልጋዮቹ ደመወዝ አይቀበሉም። ነገር ግን ነጻ የተባለው ስጦታ ከሰው ለሰው ማሰሪያ ነጻ ሲያወጣ ከተቋም ማሰሪያ ነጻ እንደማያወጣ መታወቅ አለበት።

ይህን ነገር በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ቃል ፍለጋ ይቸገራል፤ ችግሩም ትምህርት ይሰጣል። «በጎ ፈቃድ» የሚለው ዘመናዊ አነጋገር የሰጪውን ፈቃድ ከፍ ያደርጋል። በዚህ ማኅበር ግን አገልጋዩ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲተወው የሚጠየቀው ያንኑ የገዛ ፈቃዱን ነው፤ ሩዝ ማብሰል ቢመርጥም መጸዳጃ ቤት እንዲያጥብ ሊታዘዝ ይችላል። «አገልጋይ» የሚለው ቃል የጌታንና የሎሌን ነገር ያስታውሳል። ከሁሉ የሚቀርበው «ረድእ» የሚለው የግእዝ ቃል ይመስለኛል፤ ረዳትም ደቀ መዝሙርም ማለት ነውና። የሚረዳና የሚማር በአንድ ቃል የተያዙበት ይህ አነጋገር የማኅበሩን አሳብ ከእንግሊዝኛው ቃል ይልቅ አሟልቶ ይገልጸዋል። ልዩነቱ ግን አይዘንጋ። የእኛ ገዳማት ረድእ የሚረዳውን አባት በስሙ ያውቀዋል፤ ውኃ የሚቀዳለት፥ እንጨት የሚለቅምለት አባትም ያውቀዋል። የቪፓሳናው ረድእ ግን የሚረዳው ስሙን የማያውቀውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ጽሑፎች እንመለስ። ዶገን በ1223 ወደ ቻይና በሄደ ጊዜ በመርከብ ላይ ሳለ አንድ ሽማግሌ የገዳም ወጥ ቤት ሹም እንጉዳይ ሊገዛ ወደ ወደቡ መጣ። ወጣቱ ዶገን እንዲያድር ለመነው፤ ሽማግሌው ግን የነገው ምግብ በእጁ መሆኑን ተናግሮ እንቢ አለ። በዚህ ዕድሜ ተመስጦና ምርምር ትቶ በወጥ ቤት መድከም ለምን እንዳስፈለገው በጠየቀውም ጊዜ፥ ሽማግሌው ስቆ፥ ጠያቂው ገና ተጋድሎ ምን እንደ ሆነ እንዳልገባው ነገረው። በሌላ ጊዜም በቲያንቶንግ ገዳም የ68 ዓመት ሽማግሌ የወጥ ቤት ሹም፥ ራሱን ሳይሸፍን፥ በሚያቃጥል ፀሓይ እንጉዳይ ሲያሰጣ አየው። ስለ ምን ረዳት እንዳላዘዘ ቢጠይቀው፥ ሌላ ሰው እርሱን ሊሆን እንደማይችል መለሰለት። እነዚህ ሁለት ታሪኮች በሰፊው የታወቁ ስለ ሆኑ በእነርሱ ላይ አልዘገይም። እኔን የሚያስደንቀኝ ከታሪኮቹ ይልቅ በዙሪያቸው ያለው የመመሪያው ተራ ቃል ነው።

የዶገን መመሪያ በዕቃ የተሞላ ነው። ሩዝ ሲታጠብ አሸዋው እንዲለይ፥ ከአሸዋው ጋር አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትጣል፥ ዕቃው ሁሉ በየቦታው እንዲቀመጥ፥ የመነኮሳቱ ቍጥር ተቈጥሮ ሩዙ እንዲሰፈር፥ የነገውም ምግብ ከሌሎቹ ሹማምንት ጋር ተመክሮበት እንዲወሰን ያዝዛል። ተራውን ጎመን ከሚጣፍጠው ምግብ አሳንሶ ማየትን ይከለክላል። የወጥ ቤቱ ሹም ከገዳሙ ስድስት ታላላቅ ሹማምንት አንዱ መሆኑንም ከመጀመሪያው ይናገራል። ስለዚህ በዶገን ዘንድ ተመስጦው በሥራው ውስጥ ነው ሲባል፥ ሥራው እንደ ሥራ ሊመዘን ይችላል ማለት ነው። በሩዙ ውስጥ አሸዋ ከተገኘ፥ የሹሙ ልብ ምንም ያህል ጸጥ ያለ ቢሆን፥ ተመስጦው ጐድሏል።

የቪፓሳናው ደንብ ግን ስለ ልብ ይናገራል። አገልጋዩ አምስቱን ትእዛዛት እንዲጠብቅ፥ በቀን ሦስት ጊዜ ለየአንድ ሰዓት ከማኅበሩ ጋር እንዲቀመጥ፥ ወንዶችና ሴቶች ተለይተው እንዲሠሩ፥ ንግግሩ አጭርና ለሥራው የሚያስፈልግ እንዲሆን፥ የመምህሩንና የኀላፊዎቹን ምሪት እንዲቀበል ይጠይቃል። ማታም ከ3 ሰዓት በኋላ አገልጋዮቹ ከመምህሩ ጋር ተቀምጠው ለፍጥረት ሁሉ በጎ ምኞትን ይለማመዳሉ። ትምህርቱ ፓራሚ የሚላቸው ዐሥሩ ትሩፋቶች፥ ልግስና፥ ትዕግሥት፥ ትጋትና የልብ ሚዛን የመሰሉት ሁሉ፥ በዚህ አገልግሎት እንደሚያድጉ ይታመናል። በብዙ ማዕከሎች ለየቀኑ የተወሰነው ምግብና አሠራሩ በሌላ ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። የሩዙ ዕውቀት በአንድ ወረቀት፥ የልቡ ዕውቀት በሌላ ወረቀት መሆኑ ትንሽ ነገር ቢመስልም በሁለቱ ዘመኖች መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ በእርሱ ውስጥ አለ። ዶገን አንድ ወረቀት ብቻ ነበረው።

የዚህ መለያየት ጥቅም አለው፤ ይህን መካድ ፍርድን ማጣመም ነው። ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ተማሪ፥ ሐኪም ወይም ጠበቃ፥ በዐሥር ቀን ውስጥ የወጥ ቤት ሹም ሊሆን አይችልም። ከእርሱ የሚፈለገው ሽንኩርቱን በጥበብ መክተፉ ሳይሆን፥ ባልንጀራው በተቈጣው ጊዜ ቍጣው በገዛ አካሉ ውስጥ እንዴት እንደሚነሣ ማየቱ ነው። በአዳራሹ ተቀምጦ ያገኘው ጸጥታ በጠባብ ወጥ ቤት፥ በሚያቃጥል ምድጃ አጠገብ፥ ከማይስማማው ሰው ጋር ይፈተናል። ከዚህ አንጻር ወጥ ቤቱ ከአዳራሹ የከበደ ትምህርት ቤት ነው። የኡ ባ ኪን ሐረግ፥ ከዓለም ሥራቸው ሳይወጡ ለሚኖሩ ሰዎች የተቋቋመ እንደ መሆኑ፥ ይህን ማስተማሩ ተገቢ ነው።

ጉዳቱ ግን ከዚሁ ይመነጫል። የሥራው ሚዛን ሥራው ሳይሆን የሠራተኛው ልብ ከሆነ፥ ስለ ሥራው የሚነሣው ቅሬታ ሁሉ ስለ ልቡ የሚመሰክር ይሆናል። አገልጋዩ «ሥራው በዛብኝ» ቢል፥ ቃሉ ስለ ሥራው ብዛት ሳይሆን ስለ ትዕግሥቱ ማነስ ተደርጎ ሊተረጐም ይችላል። «አዛዡ በደለኝ» ቢል፥ በመጀመሪያ የራሱን ስሜት እንዲመለከት ይመከራል። ምክሩ ለነፍሱ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል፤ የበዛው ሥራ ግን እንደ በዛ፥ የበደለውም አዛዥ እንደ በደለ ይቀራል። ቅሬታን ለሚመለከተው ሰው፥ ቀጥሎም ለመምህሩ ማቅረብ ይቻላል፤ ሰሚው ግን ከዚያው የትምህርት ቋንቋ ውጭ የሚሰማበት ጆሮ ሊኖረው ይገባል። ደመወዝተኛ ሠራተኛ ቢበደል ስለ ደመወዙ ይከራከራል። የድሮው ምእመን ቢበደል ሳሕኑን ላይሞላ ይችላል። የተመስጦ ረድእ ከሁለቱም መከላከያ ውጭ ነው።

ይህ ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ ከሌላ ማኅበር ታሪክ ማስረጃ ይገኛል። በ1962 በሹንሪዩ ሱዙኪ የተመሠረተው የሳን ፍራንሲስኮ የዜን ማዕከል ሥራን እንደ ተመስጦ የሚቈጥረውን የዶገንን ትምህርት ወደ አሜሪካ ካስገቡት ዋነኛው ነው። ሱዙኪ በ1971 ከሞተ በኋላ ማዕከሉ በ1976 ዳቦ ቤት፥ በ1979 ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ በጥቂት አበል ረጅም ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ ሥራውም ተመስጦ ይባል ነበር። በ1983 በአለቃው ምግባር ላይ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ አለቃው ሹመቱን ለቀቀ፤ ማይክል ዳውኒንግ በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ የዚያን ዘመን ታሪክ ሲተርክ፥ በተመስጦ ስም ስለ ተሠራው ሥራና ስለ ተማሪዎቹ ድካም በሰፊው ጽፏል። የቪፓሳናው ማኅበር እንዲህ ያለውን አደጋ በከፊል አጥር አጥሮበታል፤ ለትርፍ የሚሸጥ ነገር የለውም፥ አገልግሎቱም በአብዛኛው ዐሥር ቀን ሆኖ ሰውዬው ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ይመለሳል። በእኔ አስተያየት የማኅበሩ ትልቁ ጠባቂ በደንቡ የተጻፈው ትሩፋት ሳይሆን ይህ የቀን ገደብ ነው። ዐሥሩ ቀን ሲያልቅ የሚከፈተው በር፥ ቅሬታ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ይሠራል። ወራትና ዓመታት በማዕከሉ ለሚቀመጡ አገልጋዮች ግን ይህ በር ሰፊ አይደለም። ወደ ፊት ይህን ጉዳይ የሚያጠና ሰው ከእነርሱ ቢጀምር ይሻላል፤ ከዐሥር ቀን እንግዶች የሚሰማው ምስክርነት አብዛኛውን ጊዜ የደስታ ነውና።

ዶገን ደግሞ የተገላቢጦሹን አይቷል። ከቻይና ተመልሶ በኪዮቶ በኬኒንጂ ገዳም በተቀመጠ ጊዜ የወጥ ቤት ሹምነት በስም ብቻ መኖሩን በዚያው መመሪያ ውስጥ በምሬት ይተርካል። ሹሙ ሥራውን ሁሉ ለአንድ ሎሌ ትቶ ራሱ በክፍሉ ይቀመጥ፥ ሩዙ ሲታጠብም ወጡ ሲወጣም አንድ ቀን እንኳ ወደ ወጥ ቤቱ ብቅ አይል ነበር። የሎሌውን ስም ዶገን አልጻፈውም።